የአራት ደቂቃ እንባ

ሰው ለአራት ደቂቃ ካርቱን ብሎ ለምን ያለቅሳል? አያት ይህን ጥያቄ ከነጋ ሦስት ጊዜ ራሳቸውን ጠየቁ፤ ሦስቱንም ጊዜ መልስ አጡለት። ሻይ ይዘው ወደ ልጅ ልጃቸው ክፍል ሲሄዱ በሩ ገርበብ ብሎ አገኙት፤ ሊያንኳኩ እጃቸውን አንስተው ባሉበት ቀሩ። ድምቢጥ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ፣ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ትመለከታለች። ስልኩ ውስጥ መነጽር ያደረገ አንድ ፍልፈል ከጉድጓዱ አፍ ብቅ ብሎ፣ ማን እንዳስቀመጠለት የማይታወቅ የበራ ፋኖስ ያያል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። አይናገር፣ አይዘፍን፣ አይደባደብ። ፋኖሱን አየ አየና ጽሑፍ መጥቶ አለቀ። ድምቢጥ ግን ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ አታሰማም፣ እንባዋ ብቻ በአገጯ በኩል ብርድ ልብሱ ላይ ይንጠባጠባል። አያት ሻዩን እንደያዙ፣ እንደ ሌባ በእግራቸው ጣት ወደ ኋላ ተመለሱ። ተመልሰውም «እንደ ሌባ» ብለው በማሰባቸው ደነገጡ። ይህን ቃል በዚህ ቤት ማንም ከአፉ ካወጣው አምስት ወር አልፎታል።

የሚያብሰለስላቸውም ይኸው አምስት ወር ነው። ድምቢጥ ከመንገዱ ማዶ ባለው ፎቶ ቤት የሰው ፊት ታሳምር ነበር፤ በኮምፒውተር ብጉር ታጠፋለች፣ የተጨፈነ ዓይን ትከፍታለች፣ ለሙሽሮች ደመናማውን ሰማይ ሰማያዊ ታደርጋለች። አንድ ሰኞ የፎቶ ቤቱ ባለቤት የካሜራ ሌንስ ጠፋበት። ሰውየው ልጅቷን በር ላይ አውጥቶ ቦርሳዋን አስፋልቱ ላይ ዘረገፈው፤ ማበጠሪያ፣ የሥዕል ደብተር፣ ግማሽ ዳቦ። ሌንስ የለም። እሱ ግን አስቀድሞ «ሌባ!» ብሎ ጮኾ ነበርና ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። በዘጠነኛው ቀን ሌንሱ ከራሱ መኪና ወንበር ሥር ተገኘ። ይህን የሰማ ግን የለም፤ ዕቃ ጠፋ የሚባለው በአደባባይ፣ ተገኘ የሚባለው በሹክሹክታ ነው። ይቅርታም አልመጣም፤ የመጣው በጽዳት ሠራተኛዋ አፍ የተላከ «ሥራሽን መጀመር ትችያለሽ ተብለሻል» የሚል ቃል ነው። በዚያ ሁሉ ድምቢጥ አንዲት ዘለላ እንባ አላፈሰሰችም። ዝም ብላ ክፍሏ ገባች፣ ገብታም ቀረች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጫማዋን ያነሣች ዕለት አያት «ዛሬስ ቅሪብኝ የኔ እናት፣ ወሬው ይብረድ» ይሏት ነበር። ወሬው በረደ፤ ልጅቷም አብራ በረደች።

ገና ጡት ሳትጥል እናቷ ስላረፈችባት ያሳደጓት አያት ናቸው። ድምቢጥ ያሏትም እሳቸው ናቸው፤ ያቺን ወፍ ታህል ነበረች። አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ ከአያቷ በልጧል፤ ከሳቸው ጋር የቀራት መነጋገሪያ ግን ይኸው ካርቱን ብቻ ነው። ካርቱን ሲሏት «አኒሜ ነው እማማ» ትላለች፤ ቀኑን ሙሉ ከምትናገረው ይህቺ እርማት ሰፊውን ቦታ ትይዛለች። ከጃፓን የመጣ ነው፤ የምትወደውም አጫጭሩን ነው፤ ሦስት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ፣ ቢበዛ ሩብ ሰዓት። አያት ማዕድ ቤት ሆነው ከግድግዳው ወዲያ የሚሰማቸውን የመክፈቻ ዜማ መቁጠር ልማድ አድርገውታል፤ እንቁላል በሁለት ክፍል ይበስላል፣ ድንች በሰባት። አንዳንድ ቀን አልጋዋ ጫፍ ላይ አብረው ቁጭ ይላሉ፤ ግን ቀሚሳቸውን አስተካክለው ሳይጨርሱ ፊልሙ ያልቃል።

«ዛሬ ሐሙስ ነው» አለች ድምቢጥ ቁርስ ላይ፣ ፍላሿንና የታጠፈች ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ። ዓይኗ አብጧል፤ አያት እንዳላዩ ሆኑ።

«እሄዳለሁ። ብቻ ያ ፊልም ጫኝ ያታልልሻል።»

«በምን?»

«አንድ እንኳ ጨርሶ የሰጠሽ የለም። ገና ማን ማን እንደሆነ ሳልለይ አለቀ ይላል።»

«አጭር እኮ ነው እማማ።»

«አጭርነቱንማ አየሁት። ማን አሳጠረው ነው ጥያቄው።»

ድምቢጥ ከንፈሯ አንድ ጊዜ ሊፈታ ብሎ ተመለሰ። ብርጭቆዋን አጥባ ወደ ክፍሏ ገባች።

ልጅቷ የማትወጣውን ሐሙስ አያት ይወጡላታል። ሳምንት ሳምንት ፍላሿንና የተወዳጅ ፊልሞቿን ዝርዝር ይዘው ፊልም ወደሚጫንበት ቤት ይሄዳሉ፣ ሲመለሱ ሽንኩርትና ሳሙና ይገዛሉ። ዝርዝሩን መንገድ ላይ ማንበብ ይወዳሉ፤ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምረዋል፣ የልጅቷ ጽሕፈት ደግሞ እንደ ታተመ ነው። ከየፊልሙ ስም ጎን ደቂቃውን፣ ከደቂቃው ጎን ደግሞ አንዳንድ ቃል ትጽፋለች። «ጃንጥላ ጠጋኙ፤ ሦስት ሦስት ደቂቃ፤ አሥራ ሁለት ክፍል፤ ምንም አይፈጠርም፤ በጣም ደስ ይላል።» አያት መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። ምንም የማይፈጠርበት ነገር በምን ደስ ይላል? ምንም የማይፈጠርበትንማ እሳቸው ቤት ውስጥ አምስት ወር ሙሉ እያዩት ነው።

«እማማ፣ እንዴት አደሩ? ልጅቷ ተሻላት?» አለቻቸው መንገድ ዳር ያለችው ልብስ ሰፊ፣ እግሯን ከስፌት መኪናዋ ሳታነሣ።

«ምን ሆና ነው የሚሻላት?»

«አይ፣ ስትጠፋብን ጊዜ ነው። ሰው እኮ ረስቶታል፣ ትውጣ።»

«አንቺ መች ረሳሽውና።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። አያት በፎቶ ቤቱ ፊት ሲያልፉ ዓይናቸውን ከአስፋልቱ አላነሡም። ባለቤቱ መስታወቱን እየወለወለ ነው። «ሰላም ነዎት እናቴ?» አለ፣ እንደማንኛውም ሰው፣ ምንም እንዳልሆነ። አያት አልፈውት ሄዱ፤ ግን አሥር እርምጃ ከሄዱ በኋላ የሚሉትን ሁሉ አገኙት፤ እንደ ወትሮው።

የፊልም መጫኛው ቤት ቁም ሣጥን ያህላል። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ የሚንገጫገጭ ማራገቢያ፣ ጣራው ላይ የተንዠረገገ ሽቦ፣ በመካከሉ ወንበሩን ሞልቶ የተቀመጠ ወፍራም ወጣት። ፊልም የሚሸጠው በጊጋ ስለሆነ የሰፈሩ ልጅ ጊጋ ይለዋል፤ አያት ግን ለሰውነቱ የወጣለት ስም ይመስላቸዋል። ፍላሿን ጠረጴዛው ላይ አደረጉና ወገባቸውን ያዙ።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬ ሙሉ ሙሉውን ስጠኝ። ልጄ ከቤት አትወጣም ብለህ ቁርጥራጩን ታሸክመናለህ። ባለፈው ሳምንት አንዷ ባቡር ልትሳፈር እግሯን እንዳነሣች ቀረች! ተሳፈረች? አልተሳፈረች? ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም።»

ጊጋ ሳቀ፤ ወንበሩም አብሮት ሳቀ። «እማማ፣ ሙሉው እኮ ያ ነው። ሲሠራም እንደዚያ ሆኖ ነው የተሠራው።»

«ግማሽ ተደርጎ?»

«ግማሽ አይደለም። እስቲ ጣትዎ ላይ ያለውን ይዩት፤ ቀለበት እኮ የተቆረጠ አምባር አይደለም።»

አያት ቀለበታቸውን አዩት። አንድ ጊዜ በጣታቸው ላይ አዞሩትና ለደንበኛ የተቀመጠችው ዱካ ላይ ተቀመጡ። ጊጋ ዝርዝሩን እያየ ጃንጥላ ጠጋኙን ከፈተላቸው። በድልድይ ሥር አንድ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ የተሰበረ ጃንጥላ ይጠግናል። በአንዱ ክፍል አንድ ጃንጥላ፣ በቃ። የመጀመሪያው የአንዲት አስተማሪ ነው፣ ሁለተኛው የሁለት ወንድማማቾች፣ ሦስተኛው ባለቤት የለውም። ሽማግሌው ባለቤት የሌለውንም ጠግኖ፣ ከፍቶ፣ ዝናብ ላይ ይዞት ወጣና የራሱን ትከሻ ትቶ መንገድ ዳር ያለች አበባ አስጠለለበት። አለቀ። «ቀጣዩን» አሉ አያት። ቀጣዩ መጣ። በሩ ላይ ሁለት ደንበኞች ቆመዋል፤ አንደኛው የትግል ፊልም ፈልጎ «እማማ፣ እኔ ቸኩያለሁ» ቢል፣ «ዝም በል፣ ዝናቡ ሊያባራ ነው» አሉት። ስድስት ክፍል አዩ። ምንም አልተፈጠረም። ሲነሡ ግን ጠዋት ደረታቸው ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ትንሽ ፈቀቅ ያለ መሰላቸው።

«ለመሆኑ ደውለው አገኟት?» አለ ጊጋ፣ ፍላሿን እየሰካ።

«እነማን?»

«የስቱዲዮው ሰዎች ናቸዋ። ለልጆች አጫጭር ፕሮግራም የሚሠሩት። አልነገረችዎትም?» ጊጋ ወደ በሩ አየና ድምፁን ቀነሰ። «ከሁለት ወር በፊት ፍላሿ ላይ አንድ ነገር አገኘሁ፤ ‹የኔ› ይላል። ከዝርዝሩ ግርጌ ‹እየው፣ ካልወደድከው አጥፋው› ብላ ጽፋለች። ራሷ የሣለችው አራት ደቂቃ ነው፣ እንደነዚህ እንደምትወዳቸው። እኔ ዘመኔን ሁሉ የሰው ፊልም ስጭን የኖርኩ ሰው፣ ደነገጥኩ። ለአንድ ደንበኛዬ አሳየሁት፤ እዚያ ስቱዲዮ ነው የሚሠራው። ለአዲስ ተከታታይ የሚሥልላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ቁጥሯን ሰጠሁት፣ ሰኞ እደውላለሁ ብሎኝ ነበር። ትናንት ሲመጣ ግን ተቆጥቶ፣ ‹ምን ዓይነት ቁጥር ነው የሰጠኸኝ? አንዲት ባልቴት አንስታ የእናቴን ስም ጠርታ ሰደበችኝ› አለኝ።»

አያት እጃቸው ቦርሳቸው ላይ ቀረ። ሰኞ። ድምቢጥ ፀጉሯን ስትታጠብ ስልኩ ጮኸ፣ ጮኸ፣ አልተወም። አነሡት። አንድ ጎርናና የወንድ ድምፅ «አራት ደቂቃዋ የሷ ናት አይደል?» አለ። ምኑ ነው አራት ደቂቃ ሲሉት «ሐሙስ እንድትመጣልን ነበር፣ ብቻዋን ብትመጣ ይሻላል፣ ሥራዋን ራሷ እንድታስረዳን» አለ። ከዚህ ሁሉ ጆሯቸው የያዛት አንድ ቃል ናት። «ብቻዋን? ብቻዋን የእናትህን ልጅ ጥራ! ሁለተኛ እዚህ እንዳትደውል!» ብለው ዘጉት። ቁጥሩንም አጠፉት፤ ቁጥር ማጥፋት ያስተማረቻቸው ራሷ ድምቢጥ ናት። ከመታጠቢያው ስትወጣ «ማን ነው የደወለው?» ብላ ነበር። «ማንም» አሏት። ለማንም አልነገሩም፤ ልጃቸውን ከአንድ አደጋ ያዳኑ መስሏቸው ሦስት ቀን ሙሉ በልባቸው ሲኮሩ ሰነበቱ።

«ባልቴቷ እኔ ነኝ» አሉ።

የትግል ፊልም ፈላጊው ሰውዬ እንኳ መቸኮሉን ረሳ።

«አሁን አልፏል ማለት ነው?» አሉ አያት።

«ሐሙስ ዛሬ ነው፤ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ሰው ያያሉ። ብትሄድ አይመልሷትም፤ ፊልሙን ወደውታል እኮ። የሚያሳዝነው ነገ ይወስናሉ፤ ካለፈ አለፈ ነው።» ወረቀት ቀዶ አድራሻውን ጻፈላቸው፤ ከአውቶቡስ መናኸሪያው በስተጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ።

ወረቀቱን ተቀብለው ተነሡ፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ተመለሱ። «አሳየኝ» አሉት።

ፊልሙ የሚጀምረው በሁለት እጆች ነው። ያረጁ እጆች፣ በእርሳስ የተሣሉ። መስኮት ይዘጋሉ። መጋረጃ ይስባሉ። የምድጃውን ጋዝ ያጠፋሉ፣ ተመልሰው መጥፋቱን ያያሉ። በር ይቆልፋሉ፣ ቆልፈው ይገፋሉ፣ ገፍተው እንደገና ይቆልፋሉ። አያት ፈገግ ሊሉ ነበር፤ እንዲህ የምታደርግ ሴት ያውቃሉ። አንድ ነገር በተዘጋ ቁጥር ግን ክፍሉ ትንሽ ይጠባል። መጀመሪያ ቁም ሣጥኑ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ጠረጴዛው፣ ቀጥሎ ወንበሩ፤ በመጨረሻ የቀረችው የክብሪት ቀፎ የምታህል ክፍልና በውስጧ ጉልበቷን አቅፋ የተቀመጠች ልጅ ናት። እጆቹ ክፉዎች አይደሉም። ብርድ ልብስ ያለብሷታል፣ በማንኪያ ሾርባ ያቀምሷታል፣ ጉንጯን ይነኳታል፤ ከዚያ የቀፎውን ክዳን ቀስ አድርገው ይገፉታል። ያን ጊዜ አያት የግራውን አውራ ጣት አዩ። ጫፉ ላይ የድሮ የቢላ ጠባሳ አለ። የገዛ ግራ እጃቸውን ሳያውቁት ጠረጴዛው ሥር ደበቁ። ጨለማው ውስጥ ልጅቷ እርሳስ አወጣችና የቀፎው ግድግዳ ላይ በር ሣለች፤ ማጠፊያውን፣ እጀታውን፣ የቁልፍ ቀዳዳውን ሳይቀር። እጇን እጀታው ላይ እንዳደረገች ፊልሙ አለቀ።

«ከፈተችው ወይስ አልከፈተችውም?»

«እኔም በወረቀት ጠይቄያት ነበር» አለ ጊጋ። «‹አላውቅም› ብላ ጻፈችልኝ።»

ሽንኩርቱን ረሱት፣ ሳሙናውንም ረሱት። መንገዱን እንዴት እንደጨረሱት አያውቁም፤ ሐሳባቸው ሁለት ሆኖ ይጓተታል። አንደኛው፣ ሮጠሽ ንገሪያት ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ ምን አስቸኮለሽ፣ ብትሄድና ባይቀበሏትስ? መንገድ ላይ አንድ ሰው ያን ቃል ቢወረውርባትስ? አሁን የተረፈችው ጥቂት ነገር ብትሰበርስ ይላል። እስከ አሥር ሰዓት ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም፤ ወረቀቷን እንደ ሽንኩርቱ ረሳኋት ቢሉ የእርጅና ነው ይባላል። ከበራቸው ሲደርሱ ይህን ማሰባቸው ራሱ እንደ ቁልፍ ድምፅ ቀጭ ሲል ተሰማቸው።

ምሳ ላይ ሦስት ነበሩ። የድምቢጥ አባት፣ የአያት ልጅ፣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሐሙስ ፈረቃው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ስለሆነ ቤቱ ይበላል። አባትና ልጅ እንደ ወትሯቸው በጠረጴዛው ሁለት ጫፍ ተቀምጠዋል፤ ጨው ሲያስፈልግ ጨዋታው በአያት በኩል ያልፋል፤ «ጨው ስጫት» ይላል እሱ፤ «በቃኝ በይው» ትላለች እሷ። ይህም አምስት ወሩ ነው። ያን ሰኞ ማታ፣ ቦርሳዋ አስፋልት ላይ በተዘረገፈ ዕለት፣ አባቷ ከሥራ ገብቶ ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ አንድ ጥያቄ ጠይቋት ነበር፤ «እውነቱን ንገሪኝ፣ አልወሰድሽም?» «አልወሰድኩም» አለች። እሱም «እሺ» አለ። በቃ፣ የተባለው ይኸው ነው። የሰፈር ወሬ ያላደረሰውን ጉዳት ያቺ ጥያቄ አደረሰችው።

አያት ድንቹን አከፋፍለው ሲጨርሱ ቆመው ቀሩ።

«ሰኞ ስልክሽ ጮኸ» አሉ። «እኔ አነሣሁት። ማንም ብዬሽ ነበር፤ ዋሽቼ ነው።»

ድምቢጥ ቀና አለች።

ሁሉንም አወጡት፤ ስቱዲዮውን፣ ሐሙሱን፣ አሥር ሰዓቱን፤ ወረቀቷንም ከድንቹ ሳህን ጎን አስቀመጧት። ልጅቷ ወረቀቷን አየቻት፣ አልነካቻትም።

«ምን አልሽው?»

«ይቅርብሽ።»

«ምን አልሽው እማማ?»

«ብቻዋን ትምጣ ሲለኝ... ብቻዋን የእናትህን ልጅ ጥራ አልኩት።»

ሹፌሩ የጎረሰው ድንች በአፍንጫው ሊወጣ ደረሰ። ሳቁን ሊይዝ ሞከረ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ በመጨረሻ አመለጠው። ድምቢጥ አባቷን አየችው፤ ከሳቀች የሆነ ነገር የሚሸነፍባት ይመስል ከንፈሯን ነከሰች። አያት ግን አልሳቁም።

«ፊልምሽንም አየሁት» አሉ።

«ተቆጣሽ?»

«በምን እቆጣለሁ? እጄን አሳምረሽው የለ? እንዲያ አያምርም እኮ።» በጨርቅ ጠረጴዛውን ይጠርጉ ጀመር፣ የተጠረገውን መልሰው ጠረጉ። «ብርድ እንዳይገባብሽ ነው የምዘጋው የሚመስለኝ። አንቺ ላይ እየዘጋሁ እንደሆነ አላወቅሁም የኔ እናት።»

ሹፌሩ ሳቁ ሙሉ በሙሉ ሄዶ፣ ሹካውን በሳህኑ ጠርዝ ላይ አስተካክሎ ያስቀምጣል፣ ያነሣዋል፣ እንደገና ያስቀምጣል። ሠላሳ መንገደኛ ጭኖ ዳገት የሚወጣ ሰው፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር አላስነሣ አለችው።

«ያን ዕለት ማታ» አለ ለሳህኑ፣ «መልሱን እያወቅሁ ነው የጠየቅሁሽ። ሌባ አለመሆንሽን እያወቅሁ። ለምን ጠየቅሁ? ሰዉ ሁሉ ሲያወራ ሰምቼ ገባሁ፣ አፌ ቀደመኝ። አፌ ይቆረጥ ብዬ ስንት ቀን... መሪ ይዤ ራሴን እሰድባለሁ።»

ድምቢጥ ወንበሯን ገፍታ ተነሣች። ምግቧን አልነካችም፣ ወረቀቷንም አልነካችም። ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

እናትና ልጅ ተያዩ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ስምንት ከሩብ ይላል። አያት ወደ ክፍሉ ሊሄዱ ሲሉ ሹፌሩ «ተያት እማዬ» አለ፣ «ሁላችንም ነው የተናገርናት፣ ትንሽ ታስብ።» ተቀመጡ። ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ አደረጉ፤ የመክፈቻ ዜማ የለም። ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ ይሆናል። የነገሯትን ባይነግሯት ይሻላት ነበር ይሆናል፤ ልብ በሁለት ሰው በአንድ ቀን ሲነካካ ይዝላል እንጂ አይጸናም። ስምንት ከሃያ ሆነ። የቁም ሣጥን በር ጮኸ። መሳቢያ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ሌላ ተከፈተ። ውኃ ወረደ። አያት እስትንፋሳቸውን እየቆጠሩ የልጃቸውን ክንድ ጨመቁ፤ እሱም የሳቸውን እጅ ጨመቀ።

ስትወጣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራለች። ሰማያዊ ሸሚዟን ለብሳለች፣ አንገቷ ላይ ሰፍቷታል። በብብቷ የሥዕል ወረቀቶቿን የያዘ ካርቶን ይዛለች። ከበሩ ጎን ቁጢጥ ብላ ጫማዋን አነሣች፤ አቧራ ለብሷል፣ በመዳፏ ጠረገችው፤ የአንዱን ክር ፈትታ እንደገና አሰረችው። ሹፌሩ ሳያስበው የአውቶቡሱን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ፣ ላድርስሽ ለማለት። ቁልፉን አየችው፣ አባቷን አየችው፣ ራሷን ነቀነቀች፤ እምቢ ማለቷ ነው። እሱም ቁልፉን ወደ ኪሱ መለሰው። ወደ ጠረጴዛው መጣችና ወረቀቷን ወሰደች። ለመሄድ ዞር አለችና ተመለሰች፤ ልጅ ሳለች እንደምታደርገው፣ የራሷን ሙሉ ሳህን ትታ ከአባቷ ሳህን ትልቁን ድንች በጣቷ አንስታ ሙሉውን አፏ ውስጥ ከተተችው። ሹፌሩ ሳህኑን ወደ እሷ ገፋው፤ ዓይኑን ግን ቀና ማድረግ አልቻለም።

አያት ተነሥተዋል። አፋቸው ሞልቷል፤ ጃኬት ያዢ፣ በእግረኛ መንገድ ሂጂ፣ ስልክሽን መንገድ ላይ አታውጪ፣ ሰው ቢጠራሽ አትዙሪ፣ ደረጃው ጨለማ ከሆነ ተመለሺ፣ እንደደረስሽ ደውዪ፣ ባይሆንልሽም ግድ የለም። አርባ ዓመት ከዚህ በር ማንንም ያለ ምክር ሸኝተው አያውቁም። አንዱን ከአንዱ መርጠው ሊያወጡ ከንፈራቸውን ከፈቱ፤ ልጅቷ አየቻቸው፤ ጉንጯ በድንች ተነፍቶ፣ ዓይኗ ገና ከጠዋቱ እንዳበጠ፣ ግን ደረቅና ንጹሕ ሆኖ። አያት ምክሩን ሁሉ እንደ መድኃኒት ዋጡት። ከመንገዷ ገለል አሉላት።

ድምቢጥ አፏ እንደሞላ በሩን ከፍታ ወጣች።